በሁዳዴ ማን ምሳ ይወጣል?

«ከተሳካ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከተበላሸ የነካችው እሷ ናት። አንተን ምን ያስጨንቅሃል?»

ሸዋንግዛው ይህን ያለው በስልክ ነው። ስልኩ ደህና የሚሰማለት ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ፣ ሙዙ ሥር ሲቆም ስለሆነ እዚያ ቆሞ ያወራል። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ደግሞ ከሙዙ ማዶ አጎንብሰው፣ ቀፎአቸው ላይ ሊወጣ የተሰለፈውን ጉንዳን በአመድ ይመልሳሉ። ተደብቀው ነበር የሚል ካለ ዋሽቷል፤ ሰው በገዛ ግቢው ከማን ይደበቃል? ቀና ሊሉ ሲሉ ሰውየው ቀጠለ። «ኮንትራቷ በዚህ ወር ያልቃል። ዛሬ መስመሩ ከተቋረጠባት የሚያድስላት የለም። የእህትህን ልጅ ቦታው ያንቺ ነው በላት።» ሳቀ፤ ስልኩን ዘጋ፤ አንገቱ ላይ ያሰረውን እንደ መጫኛ የወፈረ ማዕተብ አስተካክሎ ወደ ፊት ለፊት ዞረ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ አመዱን በእጃቸው እንደጨበጡ ቀሩ።

«እሷ» የተባለችው ሰሎሜ ናት፤ የአንድ ልጃቸው የበላይነህ ሚስት፤ ሸዋንግዛው የመሥሪያ ቤት አለቃዋ ነው። እዚሁ ግቢ፣ ከዋናው ቤት በስተቀኝ ባለችው ክፍል ሁለት ዓመት ኖራለች፤ ሁለቱ ሴቶች ግን አይነጋገሩም። ተጣልተው አይደለም፤ ለመጣላትም እኮ መነጋገር ያስፈልጋል። ሰሎሜ የቤንች ልጅ ናት፤ ሸዋ ቤንች ተወልዳ፣ በመዝሙር አድጋ፣ በመዝሙር የተዳረች ጴንጤ። የወይዘሮ የዓለምዘርፍ ባል ደግሞ በጃንሆይ ጊዜ ከመንዝ በፖሊስነት መጥተው እዚህ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ ሴትየዋም ምራት ስትመጣ ከአገር ቤት ዘር ቆጥራ የምትመጣ መስሏቸው ኖሯል። ሠርጉ ቀን አሞኛል ብለው ተኙ፤ በሽታው ኩራት ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚባለው ሁሉ በበላይነህ በኩል ይባላል። «ያቺ ልጅ ባልዲውን ወደ ቦታው እንድትመልስ ንገራት» ይላሉ፣ ልጅቱ አጠገባቸው ቆማ። «ባልዲውን መልሻለሁ በላቸው» ትላለች እሷም። በላይነህ በመሀላቸው እየተገላበጠ አንገቱ ሊቀጭ ደርሷል። አሁን አይሱዙውን ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ከወጣ ሰንብቷል፤ እሱ ሲሄድ ግቢው ውስጥ የሚሰማው የጎረቤት ዶሮና የሰርቪስ ቤቱ ማሽን ብቻ ነው።

ሰርቪስ ቤቱም ዱሮ ዶሮ ቤት ነበር። የወይዘሮ የዓለምዘርፍ ቤት ከሚዛን ከተማ በላይ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ በመሆኑ፣ አንድ የግል ኮሌጅ ከፍ ያለ ቦታ ሲፈልግ ዞሮ ዞሮ የእሳቸውን በር አንኳኳ። ዶሮዎቹ ወጡ፣ ግድግዳው ተለሰነ፣ ረጅም የብረት ምሰሶ ቆመ፣ ምሰሶው አናት ላይ ነጭ ሰሃን ተሰቀለ። ሚዛን ያለው ዋናው ግቢና ቴፒ ያለው ቅርንጫፍ የሚነጋገሩት በዚህ ነው አሏቸው፤ ድምፁ ከኮረብታ ኮረብታ እየተቀባበለ በሬዲዮ ይሄዳል። ሸዋንግዛውና ሰሎሜ የሚሠሩትም በዚሁ በኮሌጁ መስመር ላይ ነው። ኪራዩ ያኔ ጤፍ ያስገዛ ነበር፤ ዛሬ ሽንኩርት ኪሎው ሃያ ብር በገባበት ዘመን ለዘይትና ለሳሙናም አይበቃም። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ግን የሚኮሩት በኪራዩ ሳይሆን በቁልፉ ነው። ማንም ይምጣ ማን፣ ሱፍ ይልበስ መነጽር ይሰካ፣ እሳቸው ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ካልከፈቱለት አይገባም። ማንበብ አይችሉም፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ያልተፈቀደለት ሰው መግባት ክልክል መሆኑን እንደሚናገር ግን ያውቃሉ። ፈቃጇም እሳቸው ናቸው።

ዘንድሮ ደግሞ በአስፋልቱ ጠርዝ ጥቁር ኬብል ተቀበረ። ፋይበር ይሉታል። ከአስፋልቱ ወዲህ ደግሞ በእንጨት ምሰሶ ተንጠልጥሎ እስከ ሰርቪስ ቤቱ ድረስ መጣ። ከሬዲዮው ይልቅ ፈጣን ነው፣ ዝናብና ጉም አይበግረውም ተባለ። የኮሌጁ ዳይሬክተር ወይዘሮ ሣራ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ እንግዶች አሉባቸው፤ እንግዶቹ ሲመጡ ቴፒ በፋይበሩ እንድትታይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቅያሬው ዛሬ ነው። ዛሬ ደግሞ ቴፒ ያሉት የጤና ተማሪዎች የመጨረሻ ፈተናቸውን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ይፈተናሉ፤ መልሳቸው በዚሁ መስመር አልፎ ሚዛን ይገባል። ነገሩ ሁሉ የተጋጨው እዚህ ላይ ነበር።

ሸዋንግዛው ሰርቪስ ቤት ሲገባ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ከግድግዳው ንቅንቅ አላሉም። ጭቃው ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ የውስጡ ወሬ እንደ ውጭ ወሬ ይሰማል።

«አቶ ሸዋንግዛው፣ ያለውን ሁሉ ደምስሰን እንደ አዲስ ከጫንነው በመሀል የሚያልፈው በሙሉ ይወድቃል» ትላለች ሰሎሜ።

«ሁለት ደቂቃ ነው እኮ!»

«በሁለት ደቂቃ ቴፒ ያሉት ልጆች ከፈተናው ይወጣሉ። ከወጡ ደግሞ ተመልሰው አይገቡም፤ እንደገና ይፈተኑ ይባላል።»

«ምሳ ሰዓት ላይ ነው አልኩሽ። ምሳ ሰዓት ማን መስመር ላይ አለ?»

«ፈተናው ለምሳ አይቆምም። ሁዳዴ ነው፤ ሳያቋርጡ ጨርሰው ቅዳሴ ሊደርሱ ተስማምተዋል።»

«ምሳ ሰዓት ምሳ ሰዓት ነው!» አለ፤ ድምፁ ከፍ ብሎ። «ፋይሌን በፍላሽ ይዤ ስድስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። በራስሽ ስም ገብተሽ ትጭኚዋለሽ። እስከዚያ ምንም እንዳትነኪ!»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ከግድግዳው ማዶ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሳቅ ነው የያዛቸው። ይህ ሰውዬ ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ በመጣ ቁጥር ከንፈሩን እያደረቀ፣ «እማማ፣ እስከ ዘጠኝ መጾም አከሳኝ» ሲላቸው የከረመ ነው። ጾመኛ ሰው በሁዳዴ ምሳ ሰዓት የሚባል ነገር እንዳለ እንዴት ትዝ ይለዋል? ሆዱ ሰዓቱን ነገረው እንጂ! ሰውየውን የያዘው ባጃጅ ቁልቁለቱን እየተንደረደረ ሲወርድ ሳቁ ግን ጠፋባቸው። የእሱ ሆድ ይቅር፤ የልጅቱ እንጀራ ነው የሚሄደው። አመዱን አራገፉና ወደ ሰርቪስ ቤቱ በር ሄደው ቆሙ።

ሰሎሜ የለስላሳ ሣጥን ገልብጣ ተቀምጣ፣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ በባዶ ዓይን ታየዋለች። አጠገቧ የብረት ቁም ሣጥኑ አረንጓዴ መብራቶቹን ያርገበግባል። ቤቱ ይሞቃል፤ የዶሮው ሽታ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«በላይነህ ቢኖር ኖሮ፣ ያ ሰውዬ ሊያጠፋሽ ነው ይልሽ ነበር።»

ልጅቱ ቀና ብላ ግራና ቀኝ አየች። ባሏን ነበር የምትፈልገው።

«ምን ትፈልጊያለሽ? የለም። እኔ ነኝ የማወራሽ።»

ከዚያ ሙዝ ሥር የሰሙትን አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት። ቃል አላሳመሩም፤ ማሳመር አያውቁም። ሰሎሜ አላለቀሰችም። ላፕቶፑን ዘግታ መልሳ ከፈተችው።

«ፋይሉን ብጭነውም የጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ባልጭነውም እኔ ነኝ» አለች።

«እንግዲያው ከጠፋሽ አይቀር በራስሽ መንገድ ጥፊ። የራስሽ መንገድ ምንድን ነው?»

ሰሎሜ መጀመሪያ ፈራች፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለወይዘሮ የዓለምዘርፍ ማስረዳት ቀልድ መሰላት። ሴትየዋ ግን ከበሩ አልነቃነቅ አሉ። ስለዚህ ወደ ቁም ሣጥኑ እያመለከተች ጀመረች። «ይኼ መንገድ ጠቋሚ ነው። ወደ ቴፒ የሚሄድ ነገር ሲመጣ በዚህ ሂድ ይለዋል። የሚመጣው ደግሞ እንዳለ አይመጣም፤ ተቆራርሶ በትንንሽ እሽግ ነው። የአንድ ልጅ መልስ ብዙ እሽግ ነው። የአቶ ሸዋንግዛው ፋይል በመጀመሪያ የሚያውቀውን መንገድ ሁሉ ያስረሳውና ከዚያ አዲሱን ያስጠናዋል። በዚያ መሀል እሽግ ቢመጣ የት እንደሚልከው አያውቅም።»

«ታዲያ እስኪያውቅ ያስቀምጠዋላ።»

«አያስቀምጥም፤ ይጥለዋል።»

«ይጥለዋል?»

«ይጥለዋል።»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ሰው የሰደባቸው ያህል ተቆጡ። «ንብ መስክ ከወጣች በኋላ ቀፎዋን አንስቶ ሌላ ዛፍ ላይ የሚሰቅል አለ እንዴ? ቀሰሟን ይዛ ስትመለስ የት ትግባ ብሎ ነው? ይኼ ደንቆሮ!»

ሰሎሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እኔ አሮጌውን አላነሳም። በሬዲዮ የሚሄደው እንዳለ ይሂድ፤ አዲሱን መንገድ ከጎኑ አኖርለታለሁ። በፋይበሩ ደርሶ መመለሱን አረጋግጣለሁ፤ ቴፒ ያለውንም ጠቋሚ ከዚሁ ሆኜ እንዲሁ አስተካክላለሁ፤ ወዲያ ሄዶ ወዲህ መመለሻ ቢያጣ ዋጋ የለውምና። ከዚያ ሁለቱንም አዲሱ ይብለጥባችሁ እላቸዋለሁ። መንገድ ላይ ያለው በጀመረበት ይደርሳል፣ አዲስ የሚነሳው በፋይበሩ ይሄዳል። በሬዲዮው የሚያልፍ ሲጠፋ፣ ያኔ አሮጌውን አነሳለሁ።»

«ሞክረሽዋል?»

«አልጋ ሥር ባሉት በሁለቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ።»

እነዚያን ኮምፒውተሮች ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ያውቋቸዋል። ሰርክ ሲያጉረመርሙ ሰምተው፣ ልጅቱ በድብቅ የጫጩት ማስፈልፈያ አስገብታለች ብለው ለጎረቤት አምተዋል። አሁን ይህን አላነሱትም።

«ከሚዛን ቢሮሽ ሆነሽ አይሆንም?»

«መንገዱን ስነካው ከተሳሳትኩ እኔም ከውጭ እቀራለሁ። አጠገቡ መሆን አለብኝ። ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ አቶ ሸዋንግዛው ስድስት ሰዓት ላይ ከመጡ አልጨርስም።» ሰሎሜ አንድ ነገር ነካች፤ ላፕቶፑ ቲክ… ቲክ… ማለት ጀመረ። «ይኼ ወደ ቴፒ የምልከው እሽግ ነው። ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ቲክ ይላል። አንዱ ቢወድቅ ድምፁ ይዘላል፤ ያኔ ማጥፋቴን አውቃለሁ።»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ ወጡ፣ በሩን ገጠሙ፣ ጓጉንቸሩን ከውጭ ቀረቀሩ፣ ቁልፉን አንገታቸው ውስጥ ጣሉ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ሰሎሜ ከውስጥ።

«ሥራሽን ሥሪ!»

ሸዋንግዛው ስድስት ሰዓት ሲሆን ከች አለ። ፍላሹን በጣቱ እያሽከረከረ በቀጥታ ወደ ሰርቪስ ቤቱ ሲሄድ ጓጉንቸሩን አየ፤ ተመልሶ ወደ ዋናው ቤት መጣ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ በረንዳው ላይ ጎደሬ ልጠው ብረት ድስት ውስጥ ሲከቱ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎደሬ የከብት ምግብ ነው እያሉ ምራታቸው እየሰማች ሲያንቋሽሹ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ዛሬ ግን ቅዳሜ ገበያ ምራታቸው ገዝታ ጓዳ ካኖረችው ላይ አንስተው ይልጣሉ።

«እማማ፣ ቁልፉን።»

«እንደምን ዋልክ ይባላል፤ ግባ ተቀመጥ።»

«ቸኩያለሁ። ሰሎሜ የት ሄደች?»

«ሥራዋ ላይ ናት። ተቀመጥ።»

«ቁልፉን ይስጡኝ እንጂ!»

«ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፤ አንገቴ ደግሞ ለመጣ ሁሉ አይከፈትም። ተቀመጥ አልኩህ፤ እናትህን እንዲህ ቆመህ ነው የምታናግራት?»

ተቀመጠ። ምን ያድርግ? የአሮጊት አንገት ተናንቆ ቁልፍ የቀማ ተብሎ ከተማው ሲያወራበት ታየው። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ሶፋው ዳንቴል ለብሷል፣ ቴሌቪዥኑም ዳንቴል ለብሷል፣ ግድግዳው ላይ የሟቹ ፖሊስ ፎቶግራፍ ኮፍያውን ደፍቶ ሰው ላይ ያፈጥጣል። የብረት ድስቱ እንፋሎት ከበረንዳው እየገባ ቤቱን ሞላው። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ዳጣውን አውጥተው ድንጋዩ ላይ አደቀቁት፤ ቃሪያውና ነጭ ሽንኩርቱ ሲሸት ሸዋንግዛው ምራቁን ሲውጥ ድምፁ ተሰማ። ስለ ቡና ዋጋ ጠየቁት፤ ዘንድሮ የቀይ ቡና ዋጋ ወርዷል አለ። ስለ ዘሩ ጠየቁት፤ የአባቱን አባት ስም ሲነግራቸው የማን ልጅ እንደሆኑ፣ የየትኛው ደብር ሰው እንደሆኑ ጠየቁት። ጓደኛውን ለምሳ ሆቴል አስቀምጦ የመጣ ሰው ነበረና በየመሀሉ ሰዓቱን ያያል።

«እማማ፣ ነገሩ እኮ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ምሳ ሰዓት ሳያልፍ ልጨርሰው። አሁን መስመር ላይ ማንም የለም።»

«ማንም የለም? የት ሄዶ?»

«ምሳ።»

«በሁዳዴ ማን ምሳ ይወጣል?»

«ጴንጤዎቹ አሉ፣ እስላሞቹ አሉ…» ብሎ ማጉተምተም ጀመረ።

«እነሱ በሉ እንበል። አንተስ?»

«እኔማ እስከ ዘጠኝ ነኝ፤ ያውቁ የለ።» ማዕተቡን ነካ አደረገ።

«እንግዲያው ምን አስቸኮለህ? ዘጠኝ ሰዓት ገና ነው።»

ሸዋንግዛው ተነሣ። ፊቱ ቀላ። ኮሌጁ ምሰሶውን ነቅሎ እንደሚወስድ፣ ኪራዩ እንደሚቀር፣ ፖሊስ እንደሚጠራ ተናገረ። «ፖሊስማ ያውልህ» አሉ፤ ወደ ፎቶግራፉ በአገጫቸው እያመለከቱ። ሰውየው ላረጋግጥልዎት ብሎ ስልኩን ይዞ ወደ ሙዙ ሮጠ፤ እሳቸውም ዳጣውን ከድነው ተከተሉት። ቴፒ ላለው የፈተና ኃላፊ ደወለለትና አሮጊቷ እንዲሰሙለት ድምፁን ከፍ አደረገው። «ልጆቹ ለምሳ ወጥተዋል አይደል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከወዲያ የመጣው መልስ ሙዙን ሳይቀር ያስቅ ነበር። «ምን ምሳ አለ ወንድሜ? በጾም! ክፍሉ ሙሉ ነው፤ አንድ ሰው ከወንበሩ አልተነሣም። ደግሞ እባካችሁ መስመሩን እንዳትነኩብን!»

ሸዋንግዛው ስልኩን ዘጋ። ፍላሹን ኪሱ ከተተ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ሕዝብ ሁሉ በእሱ ሁለት ደቂቃ ሜዳ ላይ ሊቀር እንደነበር የገባው ያኔ ነው። ግን ሰው ሲደነግጥ ጥፋቱን አይደለም የሚፈልገው፤ ጥፋተኛ ነው። «ልጅቱ! ልጅቱ ውስጥ ምን እየነካካች ነው? ያስቁሟት! ፈተናው ላይ እየሠራች ነው!» ብሎ ወደ ሰርቪስ ቤቱ በር ተወረወረ፤ ጓጉንቸሩን ጨብጦ ነቀነቀው። «ሰሎሜ! እጅሽን አንሺ! ምንም እንዳትነኪ!»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ደርሰው በእሱና በበሩ መሀል ገቡ። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጡ። በእንጨቱ በኩል ያ ድምፅ ወገባቸው ላይ ይሰማቸዋል፤ ቲክ… ቲክ… ቲክ… እውነቱ ይነገር ከተባለ እሳቸውም ፈርተው ነበር። ሰውየውን ያስቆሙት በአፋቸው ነው፤ አፋቸው ግን እሽግ አያደርስም። ልጅቱ ብትሳሳት፣ ድምፁ አንድ ጊዜ ቢዘል፣ ኮንትራቱም ሥራውም አለቀ፤ በሩን ከውጭ የቆለፉባትም እሳቸው ናቸው። በጃንሆይ ዘመን ምጥ የያዛት ሴት ደጃፍ ላይ ቆመው ያውቃሉ፤ የዛሬው አልተለየባቸውም። ማገዝ የለም፤ መቆም ብቻ ነው።

ድምፁ ተለወጠ።

ያ ዝግ ያለው ቲክ… ቲክ… በድንገት ቲክቲክቲክቲክ ሆነ፤ የበቆሎ ቆሎ ብረት ምጣድ ላይ እንደሚፈነዳ። ሸዋንግዛው ጭንቅላቱን ያዘ። «አጠፋችው! አለቀልን!»

«ሰሎሜ!» አሉ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ፤ በስሟ ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነው። «ምን ሆነብሽ? ወደቀ?»

«አልወደቀም!» አለች ከውስጥ። ድምፅዋ ይስቃል። «በፋይበሩ መሄድ ጀመረ! ቶሎ ደርሶ ቶሎ ስለሚመለስ ነው የፈጠነው። አንድም አልዘለለም!»

«ልጆቹስ?»

«እየጻፉ ነው! መልሳቸው እየገባ ነው! ትንሽ ቆዩኝ፤ በሬዲዮው የቀረው ይለቅ።»

«አልቆ ይለቅ፤ ማን ያስቸኩልሻል?» አሉ፤ አለቃዋን ዓይን ዓይኑን እያዩ።

ሸዋንግዛው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ በሩን ተደግፈው እንደቆሙ ያ ድምፅ ሳይደነቃቀፍ ሲሮጥ አዳመጡ። ኮሌጁ ሰሃን ከሰቀለ ጀምሮ ግቢያቸው ውስጥ ምን እንደሚያልፍ አያውቁም ነበር፤ ሽቦና መብራት ብቻ ይመስላቸው ነበር። አሁን ግን ቴፒ ያለ የማያውቁት ልጅ ጻፍ ጻፍ አድርጎ የላከው መልስ በእሳቸው የዶሮ ቤት በኩል ሲያልፍ፣ የልጃቸው ሚስት እንዳይወድቅ እጇን ዘርግታ ስታሳልፈው ታያቸው። አንገታቸው በኩራት ቀና አለ። ኩራት ለአንድ ጊዜ እንኳን ይጠቅማል።

«ጨረስኩ» የሚል ድምፅ ሲመጣ ጓጉንቸሩን ከፈቱ። ሰሎሜ በላብ ተነክራ ወጣች፤ ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት። ስትወጣ አለቃዋን አየችና ልትናገረው አፏን ከፈተች፤ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ክንዷን ይዘው አሳለፏት፣ በረንዳው ላይ አስቀመጧት፣ ከብረት ድስቱ የሚጨሰውን ጎደሬ በሳህን ቆልለው ዳጣውን ከጎኑ አድርገው ፊቷ አኖሩላት። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ልጅቱ ቁርሷንም ምሳዋንም በሯን ዘግታ፣ ማንኪያ ሳታሰማ ነበር የምትበላው።

«ብዪ። በቀን ብዪ፤ በአደባባይ ብዪ። አንቺ አትጾሚ፣ ማን ጹሚ አለሽ?»

ሰሎሜ ጎደሬውን አየች። ሴትየዋን አየች። አንዱን አንስታ ዳጣው ውስጥ ነከረችው።

ሸዋንግዛው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሟል። እጁ እሱን ሳያስፈቅድ ወደ ሳህኑ ዘረጋ።

«አንተ!» አሉ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ። «ዘጠኝ ሰዓት ገና ነው። ጾምህን በእኔ ቤት አታፈርስም፤ ኃጢአቱ ለእኔ ይተርፋል።»

እጁን ሲሰበስብ ስልኩ ጮኸ። ዳይሬክተሯ ነበሩ። ለአለቃ ሲሆን ግን ስልኩ በረንዳው ላይም ይሰማል። ገና ሳይጠይቁት ጀርባው ቀጥ አለ፣ ድምፁ ወፈረ። «አዎ ወይዘሮ ሣራ… አዎ፣ በፋይበሩ ገብቷል። ፈተናውም አልተቋረጠም… ቀላል አልነበረም፤ ከጧት ጀምሮ ስታገል ውዬ አሁን ጨረስኩት…»

ከዚህ በኋላ የሆነውን እሱ ለማንም አልተናገረም። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ስልኩን ከእጁ ላይ እንደ በሰለ ፍሬ ቀነጠሱት፤ ጆሮአቸው ላይ ገልብጠው ያዙት፣ አቃኑት።

«አልጨረሰም! የጨረሰችው ሰሎሜ ናት። እሱ ሳሎኔ ቁጭ ብሎ ሶፋዬን ሲያሞቅ ነው የዋለው። በሱ መላ ቢሆን ኖሮ ልጆችሽ ይኼን ጊዜ ፈተናቸው ወድቆ ሜዳ ላይ ነበሩ፤ ካላመንሽ ቴፒ ደውለሽ ጠይቂ፣ ምሳ ወጥተዋል ወይ ሲላቸው የሰሙ አሉ። ደግሞ ጧት ሙዝ ሥር ቆሞ ኮንትራቷን ለጓደኛው እህት ልጅ ሲያድል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ካልሽ ፊቱን አይቼ እደግምልሻለሁ።»

 ሸዋንግዛው የረገጠውን መሬት ያያል። ሰሎሜ ጎደሬውን እንደያዘች እጇ አየር ላይ ቀርቷል።

«ቴፒ እጠይቃለሁ» አሉ ዳይሬክተሯ፤ ቃላቸውን እየመዘኑ። «ለሰሎሜ ንገሩልኝ፣ ነገ ጧት እኔ ቢሮ ትምጣ። የኮንትራቷን ነገር ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ነው የምትነጋገረው። ሸዋንግዛውም አብሮ ይምጣ።» ከዚያ ደግሞ፣ «ይቅርታ፣ ማን ልበል?» አሉ።

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ለመልሱ አልተቸገሩም።

«የሰሎሜ እናት ነኝ» አሉ።

ስልኩን ለሰውየው መለሱለት። ሲዞሩ ልጅቱ በተሞላ ዓይን እያየቻቸው ነበር።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ? ብዪ እንጂ፤ ይቀዘቅዛል።»